የኔን ወገን ያዢልኝ

አባባን ወደ ግድግዳው አዙሬ በአንድ እጄ ትከሻቸውን ደግፌያለሁ፤ በሌላው እጄ የረጠበውን አንሶላ እየጠቀለልኩ ከጀርባቸው ሥር እወትፋለሁ። በዚህ በኩል ንጹሑን ካነጠፍኩ በኋላ በጥቅሉ ላይ አሳልፌ ወደኔ አዞራቸውና የቀረውን ግማሽ አነጥፋለሁ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ አንሶላ የሚቀየረው እንዲህ ነው። ዛሬ ከሰዓት ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ወገቤ የኔ አልመስል ብሎኛል።

«ልጄ» ይላሉ ፊታቸውን ግድግዳው ላይ እንዳደረጉ። «መጸለይ አልቻልኩም።»

«ደክሞዎት ነው።»

«ድካሙንማ አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ልጀምር ብዬ አፌን ስከፍት የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እናትሽን ከቀበርን ወዲህ እንዲህ ነኝ።»

እጄ አንሶላው ላይ ይቀራል። ይህን የሚሉት አባባ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየአዳራሹ እየዞሩ ፈጣሪ መኖሩን በማስረጃ ሲያስረዱ የኖሩ፣ ተማሪውንም ፕሮፌሰሩንም አፍ ያስያዙ ሰባኪ። ሰው ስማቸውን ትቶ «መዶሻው» ነው የሚላቸው።

«በይ ዛሬ አንቺ የኔን ወገን ያዢልኝ። እኔ ያንቺን እይዛለሁ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ወደ ክርክር ከመሄዳቸው በፊት ከልጅነቴ ጀምሮ እኔን ተቃዋሚ አድርገው ይለማመዱ ነበር። የኔ ሥራ ንግግራቸው ውስጥ ቀዳዳ መፈለግ ነው፤ እሳቸው ቀዳዳውን ይደፍኑና ከረባታቸውን አጥብቀው ይወጣሉ። «ከሃዲዬ» ይሉኛል በፍቅር። ለዚያ ሰዓት ብቻ «አንተ» እንድላቸው ተፈቅዶልኛል፤ ከሃዲ አንቱ አይልም ብለው። የደፈኑት ቀዳዳ ለአዳራሹ ሲበቃ ለኔ ግን ሳይበቃኝ ቀረ። ይህን ነግሬያቸው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው እንዳልኩ ይኸው ጸጉሬ ሸበተ።

«መጀመሪያ አንሶላውን ልጨርስ፣ አባባ።»

«እየሠራሽ።»

እሺ እላለሁ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ይሄን አልጋ አናጢ ሠርቶታል» ብዬ እጀምራለሁ፣ የሳቸውን አነጋገር ተከትዬ። «ራሱን የሠራ አልጋ አይተህ ታውቃለህ?»

«አናጢውንስ ማን ሠራው?»

«ዓይንህን ተመልከት። ይሄ ሁሉ ረቂቅ ነገር እንዲያው በአጋጣሚ ይገጣጠማል?»

«የቱን ዓይን? ሞራ የጋረደውን?»

«እሺ፣ ማንም በሌለበት የሰው ነገር ለማንሳት የምታፍረው ለምንድን ነው? ሕሊናን ማን ሰጠህ?»

«እናቴ። በአርጩሜ።»

ሳቄ ያመልጠኛል። በጥቅሉ ላይ አሳልፌ ወደኔ ሳዞራቸው ግን እሳቸው እየሳቁ አይደለም። አፋቸው ያፈርሰኛል፤ ዓይናቸው እንድረታቸው ይለምነኛል። አባቴ እንዲህ ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም።

«ስማ እንግዲህ» እላለሁ፣ ከየት እንደማመጣው ሳላውቅ። «ፈጣሪ የለም የሚልህ አእምሮህ ነው። አእምሮህን ያበጀው ከሌለ ደግሞ፣ እሱም በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ነው። በአጋጣሚ የተገኘ አእምሮ፣ ፈጣሪ የለም ስላለህ ምኑን ታምነዋለህ? ጥርጣሬህን ለማመን እንኳን ፈጣሪ ያስፈልግሃል።»

ፍራሹ እንዳይርጥብ ከአንሶላው ሥር ያነጠፍኩትን ላስቲክ ወጥሬ፣ የአንሶላውን ጫፍ ከፍራሹ ሥር አስገብቼ፣ በጉልበታቸው መሃል ትራስ እስካደርግ ድረስ አባባ ያስባሉ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«አሁን መጣልኝ።»

«መልስ የለኝም። ረታሽኝ።»

ደስ ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ድካም፣ እንደ ሞኝ ደስ ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ረትቻቸው አላውቅማ። ፊታቸው እስኪፈታ እጠብቃለሁ።

«እና?» እላቸዋለሁ።

«ምንም። ተረታሁ፤ ልቤ ግን ወይ ፍንክች።» በቀኝ እጃቸው የአንሶላውን ጠርዝ ይዳብሳሉ። «ያን ሁሉ ሰው የረታሁት እንዲህ ነበር። አዳራሹ ለኔ ያጨበጭባል፤ የተረታው ሰው እንደኔ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። አንዱንም ተከትዬ ሄጄ አላየሁት።»

ከአፌ የሚወጣው የሚያጽናና ነገር ሳይሆን ሆዴ ውስጥ የኖረው ነው።

«እኔ እኮ አላምንም፣ አባባ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጥያቄሽ የልምምድ መምሰሉን ከተወ ጀምሮ። ሆድ ይፍጀው የምትይ አንቺ ብቻ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን እኔን ጠየቁ?»

«ሌሎቹማ አይዞዎት እያሉ ይሸነግሉኛል። አንቺ አትሸነግዪም።» ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ጸልዪልኝ።»

«አላምንም እያልኩዎት?»

«እኔስ መች አመንኩ? ግን እዚህ ቤት አንድ ሰው መጸለይ አለበት። እኔ ስከራከር የምትጸልየው እናትሽ ነበረች።»

ለመከራከር አቅሙ የለኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ያማረ ነገር አይመጣልኝም።

«ጀርባቸው እንዳይቆስል» እላለሁ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ። «ዛሬ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው። ነገም ለማንሳት ጉልበት እንዳላጣ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ።»

ከዚያ በላይ የለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እሳቸው ፊት የተናገርኩት ነገር ሳይፈርስ ቀርቶ አያውቅም። ማስረጃሽ የታለ፣ ማን ይሰማሻል እስኪሉኝ ድረስ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።

«አሜን» ይላሉ አባባ።