አረንጓዴው አምባር

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ክሊኒክ የሚገባው የእጁ አምባር ቀይ የበራለት ሰው ብቻ ነበር፤ አምባሩ የሚቀላው ደግሞ በትኩሳት ነው።

የከዚራው ልብስ ሰፊ ረምዚ የደንጊ ትኩሳት ይዞት ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት ትኩሳቱ ወረደና አምባሩ አረንጓዴ ሆነ። ጎረቤቶች «እንኳን ማረህ!» እያሉ ሐልዋ ይዘው መጡ። ረምዚ ግን ሐልዋውን አልነካም። ሆዱን ይዞ ያቃስታል፤ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ እጁም ቀዝቅዟል። ሚስቱ ነጂባ አፉን ስትጠርግለት ፎጣው ላይ ደም አየች፤ ድዱ እየደማ ነበር። ወዲያው ባጃጅ ጠራች።

የክሊኒኩ በር አምባሩን አየና፣ «እንኳን ደስ አለዎት! ድነዋል፤ ወደ ቤትዎ ይመለሱ» አለ።

«ባሌ እየሞተ ነው!» አለች ነጂባ።

«ጤና ይስጥልን» አለ በሩ።

ነጂባ ደጁ ላይ ከምትሸጥ ሴት ትኩስ ሻይ ተቀብላ ብርጭቆውን አምባሩ ላይ አስደገፈችው። አምባሩ ቀላ። በሩም፣ «አይዞዎት፣ በጣም ታመዋል፤ ይግቡ» ብሎ ተከፈተ።

ነርሷ ፈጥና ግሉኮስ ሰካችለት።

«ደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው» አለቻት። «ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ደም ካየሽ አንድ ሰዓትም አትጠብቂ። እንኳንም ይዘሽው መጣሽ።»

ረምዚ ዳነ። ሊወጡ ሲሉ ነጂባ፣ «ይህን በር ለምን አታሠሩትም?» አለች።

ነርሷ ሳቀች። «ባለሙያ መጥቶ ነበር። በእጁ ዳሰሰውና፣ ‹ትኩሳት የለውም› ብሎ ሄደ።»