ልለፍ?

የኒየሪው ገበሬ ጋቶጎ ከብቶቹን ወንዝ ሲያወርድ በጎረቤቱ በዋንጌቺ ማሳ ያቋርጥ ነበር። እንደ አገሩ ደንብ ለድንበር ምልክት ከተተከለው አበባ ጋ ቆሞ፣ «እትዬ ዋንጌቺ፣ ልለፍ?» ይላል። «እለፍ» ትለዋለች። በኋላ ተጣሉና መንገዱ ላይ ማድቤት ሠራችበት።

«ከእንግዲህ በሰማይ እለፍ» አለችው።

እስኪሞት ድረስ በኮረብታው እየዞረ ወንዝ ይወርድ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ማድቤቷ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል፣ «እትዬ ዋንጌቺ፣ ልለፍ?» የሚል ድምፅ ሰማች።

ልቧ ሥራዋ ላይ ነበር። ልማድ ሆኖባት፣ «እለፍ» አለች።

በመስኮት ስታይ፣ ከድንበሩ አበባ ጀምሮ የማሳዋ ድንች ቅጠል ማንም ሳይታይ ግራና ቀኝ እየተኛ ወደ ማድቤቱ መጣ።

ዋንጌቺ በርጩማዋን ከመሃል አነሳች። መንገዱ ለከብቶቹም እንዲበቃ ባቄላዋን ታቅፋ ጥግ ያዘች።