ለኩፖን የተገነጠለ ሽፋን

አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተቀብለው የመጽሐፍ ኩፖን በሚሰጡበት መስኮት፣ የራይሳ ጋዜጦች ከሚፈለገው ኪሎ በጥቂት ጎደሉ። ልጇ ስታለቅስለት የከረመችው አዲሱ የተረት መጽሐፍ ሊያመልጣት ነው፤ አንድ የአገራቸው ሰው የባሕር ማዶ ታሪክ ወስዶ እንደ ገና የጻፈው። ይኼኔ ባሏ ገናዲ ከካፖርቱ ውስጥ ያንኑ የባሕር ማዶ ታሪክ መዘዘ፤ ሟች አባቷ በልጅነቷ ያነበቡላትን አሮጌ መጽሐፍ።

«እሱስ አይሆንም!» አለች ራይሳ።

«አንቺ ደግሞ! ያው ተረት ነው፤ አዲሱ ባለ ሥዕል ነው እኮ።»

«ጠንካራ ሽፋን አልመዝንም» አሉ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጡት መዛኟ፣ የጨው ዓሣቸውን እያላመጡ።

ገናዲ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ሽፋኑን እንደ ዶሮ ቆዳ ገሸለጠው። ሚዛኑ ሞላ። መዛኟ ኩፖኑን በዓሣ በወዛ ጣታቸው ዘረጉላት።

«እሰይ! አባትሽ ይኼን ቢያዩ!» አለ ገናዲ።

ራይሳ የልጇን ፊት አሰበችና ኩፖኑን በሁለት ጣቷ ተቀበለች፤ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚያነሳ ሰው።