ኮሎኔሉና ሙሽራይቱ

የኖሊን ባል ሌስ ከሞተ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና ኮሎኔሉ ብቻ ነበሩ።

ኮሎኔሉ ዓሣ ነው። የቆሮሶ ዘመድ፣ ብርቱካንማ፣ ስንዝር ተኩል የሚረዝም፣ ግንባሩ ላይ ጉብታ ያወጣ። ሳሎኑን ባጣበበው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ሲከፋው ጠጠሩን በአፉ ያነሳና መስታወቱ ላይ ይተፋዋል። ኖሊን ወጥ ቤት ቆማ እራቷን ስትበላ ያንን ቀጭ ቀጭ ትሰማለች። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ሌላ ድምፅ የለም።

ዓሣ ወዳ አታውቅም። ሌስ ግን ዘጠኝ ዓመት አሳድጎታል፤ ለሰው መስጠት አልሆነላትም። ሌስ በሞተ በአስራ አራተኛው ወር ኮሎኔሉ መብል ሲያቆም ወደ ማካይ ከተማ ዓሣ አርቢዎች ማኅበር ደወለች፤ ቅዳሜ ኔቪል መጣ።

ኔቪል ከስኳር ፋብሪካው በጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ዓሣዎችን ሲያራባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ተንበረከከና የእጅ ባትሪ አብርቶ ኮሎኔሉን በሆዱ በኩል ለረጅም ጊዜ አየው። አንድ ነገር ሊናገር ቀና ሲል ኖሊን ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ ቆማለች።

«ምን ሆኖብኝ ነው?» አለችው።

ኔቪል ኩባያውን ተቀበላት።

«ብቸኝነት ነው» አለ። «ሚስት እናመጣለታለን።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሽራይቱን በባልዲ ይዞ መጣ። ኖሊን የዚህ ዘር ወንድ ሴቲቱን ነክሶ እንደሚገድል አንብባ ነበርና ፈራች።

«መሃላቸው መረብ አናደርግም?»

«ግድ የለም፣ ይስማማሉ።»

እውነትም ተስማሙ፤ ኮሎኔሉም መብላት ጀመረ። በስድስተኛው ሳምንት ገንዳው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቦታ እስኪጠፋ እንቁላል ተነጠፈበት።

«ይሄ ሁሉ የአንዷ ነው?»

«ጎበዝ ናት» አለ ኔቪል፣ ዓይኑን ከገንዳው ሳይነቅል።

በሦስተኛው ቀን እንቁላሎቹ ነጡ፤ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ አወጡ። ኔቪል ውሃው ይሆናል አለና በየሳምንቱ መጥቶ ሊቀይርላት ተስማሙ። እንደገና ተጣለ፤ እንደገና ነጣ። ማሞቂያው ይሆናል አለ። ከዚያ ምግቡ፣ ከዚያ ደግሞ መብራቱ ሆነ። ሥራው ሲያልቅ ሻይ ይጠጣል፤ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ሸንኮራው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። ኖሊን ሌስ ከሞተ ወዲህ ያልነካችውን የኬክ መጋገሪያ ከጓዳ አወጣች።

እህቷ ቤቨርሊ ግን ብሪዝበን ሆና በስልክ ስትሰማ ሁሉም ነገር ሸተታት።

«ስምንት ጊዜ ተጣለ፣ ስምንት ጊዜ ነጣ አላልሽኝም? ታዲያ ሰውዬው አይሰለቸውም?»

«ደግ ሰው ነው፣ ቤቭ።»

«ኡፋ! ደግ! ያ ገንዳ እኮ የዋዛ ዕቃ አይደለም። ዓሣውንም አርቢ ሁሉ የሚመኘው ነው ብሎ ሌስ ራሱ ነግሮኛል። ሞኝ አትሁኚ፤ እያየሽ ይወስድብሻል።»

«አንቺ ደግሞ ሰው ማመን አይሆንልሽም።»

እንዲህ ብትልም ትጠብቀው ጀመር። በመስኮት ስታይ ኔቪል በሩን ከማንኳኳቱ በፊት መኪናው ውስጥ አስር ደቂቃ ይቀመጣል። ቤቱን ያያል፤ በመስታወቱ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ደግሞ ቤቱን ያያል። የባሰው ደግሞ አንድ ቅዳሜ የታየው ነው። እንቁላሎቹ ለዘጠነኛ ጊዜ ነጥተዋል፤ ኖሊን ልታለቅስ ደርሳለች። ኔቪል ወደ ገንዳው ጎንበስ ብሎ፣ የምታየው ሳይመስለው፣ ፈገግ አለ።

ያን ሌሊት አልተኛችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትፈትነው ቆረጠች።

«ኔቪል፣ ለምን ገንዳውንም ዓሣዎቹንም አይወስዷቸውም? እርስዎ ዘንድ ይሻላቸዋል።»

ኔቪል ሻዩ ትን አለው።

«የለም፣ የለም! እዚሁ ይሁኑ! ቦታ ከቀየሩ... ይታመማሉ።»

ቤቨርሊ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «ጫጩቶቹን ነው የሚጠብቀው! ሲፈለፈሉ መቶ ሁለት መቶውን ጠራርጎ ሊሄድ! ለሌላ ባለሙያ አሳዪ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ።»

ሐሙስ ጠዋት ዓሣዎቹ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። ኖሊን በስልኳ ቀረፀቻቸውና ጆዲ የምትባል ሴት የዓሣ ሱቅ ሄደች፤ ኮሎኔሉን ያሳደገው ባሏ እንደሆነ ነግራ ቪዲዮውን አሳየቻት። ጆዲ አየችው፤ መልሳ አየችውና ሳቀች።

«የኔ እናት፣ ሁለቱም እየጣሉ ነው እኮ! ይኼ ኮሎኔል የሚሉት ሴት ነው። ሁለቱም ሴት ናቸው። መቶ ዓመት ቢጠብቁ አይፈለፈልም።»

ኖሊን ስልኳን ከጆዲ እጅ ተቀበለች።

«ሰው ሊሳሳት ይችላል?»

«ጀማሪ ይሳሳታል። ባለቤትዎም ጉብታውን አይተው ይሆናል። ትንሽ ያራባ ሰው ግን ሆዷን በባትሪ ካየ አይስታትም። ይችኛዋን ማን ነው ያመጣልዎት?»

ኖሊን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አላስታውስም» አለች።

«ግድ የለም፣ እኔ ወንድ እሰጥዎታለሁ። በሁለት ወር ቤቱን ጫጩት ይሞላልዎታል።»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

ቤት ስትደርስ ገንዳው ፊት ተቀመጠች። ድንጋዩ ላይ ያሉት እንቁላሎች ጥርት ያሉ ነበሩ፤ የማር መልክ አላቸው። ሁለቱ ዓሣዎች ጎን ለጎን ሆነው በክንፋቸው ያራግቡላቸዋል። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ኔቪል፣ ዛሬም ነጡብኝ» አለች። «ቅዳሜ ሩቅ ነው፤ አሁን አትመጣም?»