ፍሬሙ የቆረጠው

«እስቲ እንደገና አንብብልኝ» አለች ብርቅነሽ፣ ከናሆም ወንበር ኋላ ቆማ። «ቀስ ብለህ።»

ናሆም በብርቅነሽ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣውን ድርጅት ደብዳቤ ከኮምፒውተሩ ላይ እየተረጎመ አነበበላት። ማስታወቂያዎቻችን በሌላ ሰው ድረ ገጽ ላይ፣ በፍሬም ውስጥ እየታዩ ነው። ይህ በደንባችን የተከለከለ ነው። በሦስት ቀን ካልተስተካከለ ውላችን ይቋረጣል።

«ፍሬም ማለት?»

«ያንቺን ገጽ ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ በመስኮት ማሳየት ነው፣ እትዬ ብርቄ። ማስታወቂያውም አብሮ ይሄዳል። ድርጅቱ ደግሞ የት እንደሚወጣ ካላወቀ አይወድም።»

ብርቅነሽ ካርቱም ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ገጹን የከፈተችው እንደ እሷ በሰው ቤት ለሚሠሩ የአገሯ ልጆች ብላ ነው። ሠራተኛ የሚፈልጉ ቤቶች ራሳቸው ይመዘገቡበታል። እሷ ደግሞ ከየቤቱ በስተቀኝ፣ እዚያ ሠርተው የወጡ ሴቶች የነገሯትን በቀይ ትጽፋለች፦ ደመወዝ ይከለክላሉ፣ በር ይቆልፋሉ። ገጹን የሠራላት ናሆም ነው፤ ሊቢያ ሊሻገር መጥቶ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የቀረ ሰው። ብልሃቱ ሁሉ በእሱ እጅ ስለሆነ ከማንም በፊት የጠረጠረችው እሱን ነው።

«የማን ገጽ ነው? ክፈተው።»

ከፈተው። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ላሉ ቪላዎች ሠራተኛ የሚያቀርብ የአንድ ሲምሳር፣ የደላላ ገጽ ነበር። መሃሉ ላይ የእሷ ገጽ ተቀምጧል። የቤቶቹ ዝርዝር አለ። ማስታወቂያውም አለ። ፍሬሙ ግን ጠባብ ነው፤ ቀዩን ጽሑፍ በሙሉ ቆርጦ አስቀርቶታል።

«ማነው የሠራለት?»

«ወላሂ እኔ ምን አውቃለሁ! እዚህ አገር ኮምፒውተር የሚነካካው ስንቱ ነው?» ፊቱን አላዞረላትም። አላመነችውም።

«አሁኑኑ አንሣው።»

«እኔ በምን አቅሜ? ለባለቤቱ እንጽፍለታለን። ሦስት ቀን አለን፣ ኢንሻላህ ይደርሳል።»

ብርቅነሽ ጣቷን ከዝርዝሩ ሦስተኛው ቤት ላይ አሳረፈች። «ጸሐይወርቅ የገባችው እዚህ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ቆልፈውባት፣ ትናንት ከፎቅ ዘለለች። ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እትዬ፣ ገጽሽን አይቼ እኮ ነው የገባሁት፤ ቀይ አልነበረበትም።› እኔ ቀዩን ከጻፍኩ ዓመት አልፎኛል።»

የናሆም እጅ ማውሱ ላይ ቆመ።

«የትኛው እግሯ ነው የተሰበረው?»

«ሁለቱም።»

ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። የሲምሳሩ ገጽ መግቢያ ስም ጠየቀው፤ ጻፈ። ፓስወርድ ጠየቀው፤ ሳያስብ ጻፈ። ገጹም ተቀበለው። አንድ መስመር መርጦ ሰረዘ፤ የእሷ ገጽ በነበረበት ቦታ ነጭ ባዶ ቀረ።

«ኻላስ፣ ጠፍቷል» አለ።

ጥርጣሬዋ እውነት ሲሆን እጮህበታለሁ ብላ ነበር። አሁን ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሌላ ለስንት ሰው ሠርተሃል?»

ናሆም የሌላ ደላላ ገጽ መግቢያ ከፈተ።