ከመርፌው በፊት

ወይዘሮ አስቻለች የተሰበረችው ገደል ላይ ነው፤ ለሰው ግን ከቆጥ ወደቅሁ አለች። የመካነ ሰላሙ ወጌሻ ዳሌዋን ዳበሰና፣ «ይሄስ ከኔ በላይ ነው» ብሎ እጁን አነሳ። በእህል መኪና ተጭና፣ መንገዱን ሙሉ እያቃሰተች ደሴ ሆስፒታል ገባች።

የምታስታምማት ፈንታዬ ነበረች። በስልሳ አምስቱ ረሃብ ከእናቷና ከትንሽ ወንድሟ ጋር አስቻለች ደጅ ላይ የወደቀች ልጅ ናት። አስቻለች ጉልበት ያላትን መርጣ አስገባች፤ ሁለቱን ጎተራው አይበቃም ብላ ሸኘቻቸው። ይኸው አምስት ዓመት፣ ፈንታዬ ስለ እነሱ አንድ ቀን እንኳ አንስታ አታውቅም። እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ከየት ይገኛል?

ፈረንጁ ሐኪም አጥንቱ በብረት ካልተያያዘ መነሳት እንደሌለ ነገራት። ያስተረጎመላት ውበቱ የሚባል፣ ማደንዘዣ የሚወጋ ድሬሰር ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ እግሩ ሊያጥር፣ ደም ሊረጋ እንደሚችልም አልደበቋትም። አስቻለችን ያስፈራት ግን ይሄ አልነበረም። ያስፈራት ጎኗ የተኛችው በሽተኛ፣ የአልታየች ወሬ ነው።

«እህቴ፣ እግርሽንስ ተይው» አለቻት አልታየች። «ባሌን ኦፕራሲዮን ሲያደርጉት፣ በማደንዘዣው የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው። ጠመንጃውን የቀበረበትን ሳይቀር! መጥተው ቆፍረው ወሰዱት።»

አስቻለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

አንድ ልጇ ንጉሡ ተማሪ ነው። ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለጋል፤ በዚያ ዓመት ለዚህ ቅጣቱ ጥይት ነው። ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል መደበቁን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ፍጡር የለም። የወደቀችውም ስንቅ አድርሳለት ስትመለስ ነው። ያለው አንድ ስልቻ ቆሎ ብቻ ነው። እሷ ካልተነሳች ይራባል፤ ልትነሳ ስትል ደግሞ በገዛ አፏ ልታስገድለው ነው።

እና ያ ውበቱ! ደረቱ ላይ የአብዮቱን ዓርማ ለጥፎ፣ ከሥራ ሲወጣ ከአብዮት ጥበቃዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚሄድ ሰው ነው። በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ልጅ አለዎት?»

«አንድ ነበረኝ።»

«የት ሄደ?»

«እንጃ።»

«ነገ ውስጥ ስንገባ እንጫወታለን» ብሎ ሳቀና ሄደ።

አስቻለች ፈንታዬን ጎትታ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

«ነገ በሩ ላይ ቁሚ። ያ ሰው ሮጦ ሲወጣ ካየሽ እኔ ቀባጥሬያለሁ ማለት ነው፤ ቀድመሽ ለልጄ ድረሽለት። ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል፣ ከትልቁ ሾላ ጀርባ ያለው ዋሻ ነው። በቤት ስሙ፣ ጌጡ ብለሽ ካልጠራሽው አይወጣም።»

«ጌጡ» አለች ፈንታዬ ቀስ ብላ። «አይስጉ እትዬ፤ እኔ አለሁልዎት።»

አስቻለች የልጅቱን እጅ ሳመች።

በማግስቱ እየገፉ ሲያስገቧት ፈንታዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ውስጥ ገብተው ብዙ አዘገጃጁ። በመጨረሻ ውበቱ ደግፎ አስጎነበሳትና ወገቧ ላይ መርፌ ወጋት። ወዲያው እግሮቿ የሌሉ መሰላት። ምላሷን በጥርሷ ነክሳ እንቅልፉን ጠበቀች፤ እንቅልፉ ግን አልመጣም።

«መቼ ነው የምታስተኙኝ?»

«አያስተኛም እኮ እማማ። ከወገብ በታች ብቻ ነው የሚያደነዝዘው። አፍዎ የራስዎ ነው።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የሐኪሙ መዶሻ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ድምፅ ይሰማታል። ውበቱ ስለ ልጇ ጠየቃት፤ ስለ ዝናቡ አወራችለት። ደግሞ ጠየቃት፤ ስለ ገብሱ አወራችለት። መሀል ላይ ሐኪሙ አንድ ነገር ሲለው፣ ውበቱ ብድግ ብሎ ሮጦ ወጣ።

አስቻለች ምን አመለጠኝ ብላ ያወራችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች። ምንም የለም። ውበቱም የግሉኮስ ጠርሙስ ይዞ እያለከለከ ተመለሰ።

«በምርኩዝ ይሄዳሉ» አላት ሲጨርሱ። «ስለ ልጅዎ የነዘነዝኩዎት ፍርሃቱን እንዲረሱት ብዬ ነው። ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን በወጣህ፣ የኔ ልጅ!» አለች አስቻለች። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። በሩ ሲከፈት ቀና ብላ ኮሪደሩን ቃኘች፤ ፈንታዬ የለችም። ምስኪን፣ ሲሮጥ አይታው በከንቱ ገደል ልትወርድ ነው ብላ አዘነችላት።

«አንተ ስትወጣ አይታ ተነሳች መሰለኝ፤ ልጄን ወዴት ስትሄድ አየሃት?»

«ፈንታዬን? ገና መርፌውን ሳልወጋዎት በመስኮት አየኋት እኮ፤ በአብዮት ጥበቃዎቹ ላንድሮቨር ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ወደ መካነ ሰላም ሄደች።»