ዘጠናኛው ቀን

በደሴቲቱ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ደንብ መሠረት፣ በዓመት ቢያንስ ዘጠና ቀን ባሕር ያልወጣ አባል የማጥመጃ ቦታውን ያጣል፤ ቦታውም ለቅርብ ጎረቤቱ ያልፋል። ሳኩዞ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ያለው የኦክቶፐስ ቦታው ከአያቱ የወረደ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ማታይቺ ነው።

በመከር መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሳኩዞ ቁልፉን ሲያዞር፣ ከጀልባው ኋላ የታሰረው የሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ዝም አለ። ነገሩ ቀላል ነበር። የባትሪውን ጫፎች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋቸው፣ ቅባት ቀባቸው፣ ሞተሩ ተነሣ። ድሮ ቢሆን ገመዱን ስቦ ያስነሣው ነበር፤ ካለፈው ዓመት ቀዶ ጥገና ወዲህ ግን የቀኝ ትከሻው ለዚህ አይታዘዝም።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ለሂሳኖ ነገራት።

«ድሮስ ምን ይጠብቃታል?» አለች፣ ሩዝ እየጨለፈችለት። «የአባትህ ጀልባ እንኳ ምሰሶ ነበራት። አናጺው እንደ ወጉ የእናትህን ፀጉርና ባለ ቀዳዳ ሳንቲም ለጥበቃ እዚያ ደብቆላት፣ ሠላሳ ዓመት ምን ነካት? የአንተዋ የፕላስቲክ ጀልባ ግን ምሰሶ የላት፣ ምን የላት።»

«ጊዜው ተለውጧል እቴ፤ የዛሬ ምሰሶ ሞተር ነው» አለና ሾርባውን ፉት አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞተሩ እንደገና እምቢ አለ። ሳኩዞ በተራ አየ። ባትሪው ሙሉ ነው። ማርሹ አልገባም። የድንገተኛ ማጥፊያው ቀይ ገመድ ቦታው ላይ ነው። ክዳኑን ሲያነሣ ግን፣ ፊት ለፊት ጥግ ላይ ያለው ፊውዝ ተቃጥሏል። ቀየረው። ሞተሩም ተነሣ።

ከአሥር ቀን በኋላ አዲሱም ተቃጠለ። የሱቁ ፊውዝ አልቆ ስለነበር ከዋናው ምድር በመርከብ እስኪመጣ ሦስት ቀን ባከነ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ፤ የተላጠ የለም። ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ፈትቶ ጠረገው፤ ጤነኛ ነው።

ይህ ሞተር አንዴ ከተነሣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ የሚለኩሰው ከባትሪው ሳይሆን በራሱ ኃይል ነው። ፊውዙ ባሕር መሐል ቢቃጠል እንኳ፣ ባለቤቱ የሚያውቀው በማግስቱ ቁልፍ ሲያዞር ነው። ሳኩዞ ይህን ያውቃል። ግን ማታይቺንም ያውቃል።

«ዛሬም አኮረፈህ?» አለው ማታይቺ፣ ጎን ለጎን ካሰራት ጀልባው ላይ ሆኖ። «ሽጥልኝ አልኩህ እኮ፣ መልሕቅ አደርገዋለሁ።»

«አንተ ያማረህ መልሕቅ አይደለም፣ ቋጥኜ ነው።»

«እሱንም ብትመርቅልኝ አልጠላም። በል ፈቀቅ በል፣ ገመዱን ልሳብልህ።»

«እጅህን ከሞተሬ አርቅ!»

ሂሳኖ ብልሽቱን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይገረጣል። በማግስቱም ወደ ወደቡ ወርዳ ጀልባዋን ታጥባለች፣ እስከ ሞተሩ ክዳን ሥር ድረስ። ያን ሰሞን ቤት ውስጥም ሻሽ ማሰር ጀምራለች። ብርዱ ጭንቅላቴን ያዘኝ ትላለች።

ሦስተኛው ፊውዝ ሲቃጠል ሳኩዞ ማኅበሩ ፊት ቆመ። ማታይቺ ንጋት ላይ መብራት ይዞ ጀልባዬ አጠገብ ሲንጎዳጎድ በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

«የዝናቡን ውሃ ስቀዳልህ ነበር» አለ ማታይቺ። «ልትሰምጥልህ ነበር እኮ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ማታይቺ ዙሪያውን አየ፤ ከሳቁት አንዱ የገዛ አማቹ ነው። በማግስቱ ጀልባውን ፈትቶ ከወደቡ ማዶ፣ ነፋስ በሚመታው ጫፍ አሰራት።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን መጣ። ሳኩዞ ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ሞልቷል። ጠዋት ማዕበል ስለነበር ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ ሂሳኖም ተከተለችው። ቁልፉን አዞረ። ዝም። ፊውዙ ተቃጥሏል። መለዋወጫው አልቋል፣ ሱቁም ለአዲስ ዓመት ተዘግቷል። ፀሐይዋ ደግሞ ከቋጥኙ አናት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቷታል።

ከማዶ ማታይቺ በእግሩ መጣ። መዳፉን ሲዘረጋ አንድ ፊውዝ ነበረበት።

«ከራሴ ሞተር ነቅዬ ነው። ሂድ፣ ቀንህን ሙላ።»

«ምን አስበህ ነው?»

«ቋጥኝህን ወርሼ ዕድሜ ልኬን ሌባ ልባል? ውጣ ሰውዬ፣ ይመሽብሃል።»

ሳኩዞ ፊውዙን ተቀበለ እንጂ አላመሰገነም። «ሲያቃጥል ከርሞ ዛሬ ሊመጸውተኝ መጣ» አለ ለራሱ፣ ማታይቺም እንዲሰማው አድርጎ።

«አይዞህ!» አለች ሂሳኖ ከዳር ሆና፣ እጆቿን አጋጥማ። «ዛሬስ አይጥልህም!»

ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘዋል። ፊውዙ አመለጠውና ወደ ውስጥ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው ከሚያሳልፈው ሳጥን ጀርባ ወደቀ። ሳኩዞ ተራገመ። ከዚህ በፊት ገብቶ ወደማያውቀው ጠባብ ቦታ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። ፊውዙን አገኘው። ከፊውዙ ጋር ሌላ ቀዝቃዛ ነገር ጣቱን ያዘውና አብሮ ተጎተተ።

በተጎነጎነ ሽበት ላይ የተሰኩ ባለ ቀዳዳ ሳንቲሞች ነበሩ፣ ጠርዛቸው የሳጥኑን የሽቦ ጫፎች በነካበት በኩል በእሳት የጠቆረ፤ አንዱን ጉንጉን ሲስበው ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያም አራተኛው።